በፈቃድ የተያዘ ግቢ

ጥቅምት 2

እታለም፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬን ላስቀድም። ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም አልመለስኩም። ታምሜ አይደለም፣ ተርቤም አይደለም፣ ሴት ይዤም አይደለም። ሦስቱንም ጠርጥረሽ እንደነበር ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ትምህርቱ ራሴን አዙሮት ነው።

አዎ፣ የምንማረው የሞቱ ሰዎች ሕግ ነው። አዎ፣ ሮማውያኑ አፈር ከሆኑ ዘመን የለውም። ግን ሣቅሽን ያዝ አድርጊና ስሚኝ። ዛሬ ሰው ቤት ሲሸጥ፣ ዕቃ ሲያውስ፣ አደራ ሲያስቀምጥ፣ የጎረቤቱን መስኮት ሲሰብር የሚዳኝበት ሕግ አያቱ እዚያ ነው። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጠሽ አንዱን አንቀጽ ብትፍቂው ከሥሩ ሮማዊ ይወጣል። አስተማሪያችን ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ሲስሉ ክፍሉን ሁሉ ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ናቸው። "መሠረቱን ያላወቀ የሕግ ሰው አንቀጽ ይሸመድዳል እንጂ አይረዳም" ይሉናል።

ባለፈው ሳምንት ምን እንደተማርን ልንገርሽ። የሌላን ሰው ጣውላ ወስደሽ ወንበር ብትሠሪበት ወንበሩ የማን ነው? በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን የሕግ ሊቃውንት ተከራክረውበታል። አንዱ ወገን የባለ ጣውላው ነው አለ፣ ሌላው የሠሪው ነው አለ። ልጁ ሁሉ አጎንብሶ ሲጽፍ እኔ አናጢዋን እህቴን አንቺን አስቤ ብቻዬን ሣቅሁ።

ክፍሌ ጠባብ ናት። አልጋው ላይ ቁጭ ስል እግሬ በሩን ይነካል። መስኮቱ ወደ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ይገባልኛል። ቢያንስ ሸሚዜ አይጨማደድም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ "ሌላውን ስትመጣ እነግርሃለሁ" ብለሻል። እኔ ይህችን አነጋገር አውቃታለሁ፤ አባባ ሲታመምም እንዲሁ ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ምን ተፈጠረ? የባለ ግቢያችን የሰዓት ጠጋኙ የጋሽ ሰዓት ጤና እንዴት ነው? በስልክ ብጠይቅሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ስለዚህ ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ።

ጠበቃሽ


ጥቅምት 14

አንተ ልጅ፣

ደህና ነኝ። እንዳትደነግጥ ብዬ እሱን አስቀደምኩ።

ወንበሩ የሠሪው ነው! ይሄን ለማወቅ ያን ሁሉ ዘመን መጨቃጨቃቸው ነው? ባለ ጣውላው የጣውላውን ምትክ ይውሰድና አፉን ይያዝ። ቀለም ቀቢያችንን ብጠይቀው "ወንበሩማ የቀቢው ነው፣ ያለ እኔ ማን ይገዛዋል?" አለኝ። ይሄንንም ለአስተማሪህ ንገርልኝ።

በል እንግዲህ፣ ሳትሸፋፍኚ ብለሃል። የጋሽ ሰዓት የእህት ልጅ መጥቷል። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ሲናገር ሰዓቱን ያያል። ከትናንት በስቲያ ሜትር ይዞ ገብቶ ግቢያችንን ከአጥር እስከ አጥር ለካው። ከዚያ "የኔ እህት፣ ማሽኖቹን ለማንሳት ስንት ጊዜ ይበቃሻል?" አለኝ። እኔ የሱ እህት አይደለሁም። ጋሽ ሰዓት ዓይናቸው ደክሟል፣ የሰዓት ጥርስ ማየት ካቃታቸው ቆየ፤ እሱ ውክልና አስፈርሟቸዋል። ግቢውን ሊሸጠው ነው።

አንተ ያኔ ሕፃን ስለነበርክ ነገሩን በደንብ አታውቀውም። አባባ የእንጨት ሥራ ሲጀምር ቦታ አልነበረውም። ጋሽ ሰዓት ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ባዶ ግቢ ቁልፍ አውጥተው "እስክፈልገው ድረስ ሥራበት" አሉት። ኪራይ የለ፣ ወረቀት የለ። አባባ ግን እንዲሁ ዝም ብሎ መቀመጡ ከበደው። በየዓመቱ የኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ ሲደርስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቁልፉን ይወስድና ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እሳቸው ቁልፉን አንሥተው እንደ ሰዓት ጆሯቸው ላይ ይይዙትና "ገና ይሠራል፣ ውሰደው" ይሉታል። ይሣሣቃሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ አባባ ቁልፉን ይዞ ይመለሳል። አባባ ካለፈ ወዲህ እኔ እወስዳለሁ። እሳቸውና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው፣ ወሬ የሚሆን ነገር አይደለም ብለን ለማንም አልተናገርንም።

ትልቁ መጋዝ በሲሚንቶ መሬት ላይ የታሰረ ነው። ነቅዬ ሌላ ቦታ የምተክልበት አቅም የለኝም። ይሄ ግቢ ከሄደ የአባባ ሥራ ቤት አለቀለት፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የሰው ተቀጣሪ ልሆን ነው። እንቅልፍ የለኝም፣ እውነቱን ንገሪኝ ካልክ።

እህትህ


ጥቅምት 23

እታለም፣

ደብዳቤሽን ይዤ ክፍል ገባሁ፣ የዕለቱ ትምህርት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ይዞታ! ከወንበሬ ልወድቅ ነበር።

ስሚኝ። በሮማ ሕግ የሌላውን መሬት እንደ ራሱ አድርጎ በሰላም የያዘ ሰው ሕጉ የወሰነው ዘመን ሲሞላለት ባለቤት ይሆናል። ዛሬም ሕጋችን ይህንኑ ይላል፤ ስሙ ይርጋ ነው። የእኛ ዘመን ሞልቶ ተርፏል። ነገር ግን ሦስት እንከኖች አሉ። በጉልበት ከያዝሽው አይሆንም፣ በድብቅ ከያዝሽው አይሆንም፣ በባለቤቱ ፈቃድ ከያዝሽው ደግሞ መቶ ዓመት ብትቀመጪበትም አይሆንም። በጉልበት አልያዝነውም። በድብቅም አልያዝነውም፣ መጋዛችን እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። የቀረው ፈቃዱ ነው።

ቁልፉ ነው እታለም! አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየዓመቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እየሄደ ግቢው የሰው መሆኑን ሲመሰክር ኖረ። አንቺም እንዲሁ። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ኖሮ ዛሬ የጫማው ጌታ ሜትሩን ይዞ ይመለስ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ኅዳር አትሂጂ። ተጣዪ አላልኩሽም፣ ክፉ ተናገሪ አላልኩሽም። አትሂጂ ብቻ። ምን ይሉኛል እንደምትይ አውቃለሁ። ግን እሳቸው የእህታቸውን ልጅ በእኛ ላይ ሲልኩ ምን ይሉኛል ብለዋል? እባክሽ እሺ በይኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ የተማርኩት ነገር ይጥቀመን።

ጠበቃሽ


ኅዳር 9

አንተ ልጅ፣

አልሄድኩም። ደስ ይበልህ።

ሸሚዜን ተኩሼ ነበር። ለብሼው ቁልፉን ይዤ በሩ ድረስ ወጣሁና ያንተ ነገር ትዝ አለኝ። ተመልሼ የሥራ ልብሴን ለበስኩ። ቀኑን ሙሉ አንዲት የመሳቢያ ፊት ስልግ ዋልኩ፣ እስክትሳሳ ድረስ ልጌያት ተበላሸች።

ከጋሽ ሰዓት ሱቅ አጠገብ ሻይም የምታፈላው ዳቦ ሻጯ ከሰዓት በኋላ መጥታ ምን አለችኝ መሰለህ፤ ጋሽ ሰዓት ጺማቸውን ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቁጭ ብለዋል። ከሷ ሁለት ሻይ አዘዋል። "እንግዳ አለብዎት?" ብትላቸው "አለብኝ" አሏት። ሁለቱንም ሻይ ከቀዘቀዘ በኋላ አነሣችው። ይሄን ስትነግረኝ መዶሻ ፈልጌ እንደጠፋኝ ሰው ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

ማግስቱን በግቢያችን በር አለፉ። ዱላቸውን ከድምፁ አውቀዋለሁ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። እኔም መላጊያዬን አቆምኩ፣ ሠራተኞቹን በእጄ ዝም በሉ አልኳቸው። ቀለም ቀቢው እንደ እብድ ነው ያየኝ። አላንኳኩም። ትንሽ ቆይተው ሄዱ። እኔ፣ ከቀረጥ ሰብሳቢ እንኳን ተደብቄ የማላውቅ ሴት፣ ከአንድ ሽማግሌ ተደበቅኩ። በድብቅ ከሆነ አይሆንም ብለኸኝ አልነበር? ይሄስ የትኛው ነው?

በእሳቸው ላይ የተናገርከውን ነገር ደግሞ መልሰህ ዋጠው። የእህታቸው ልጅ ውክልናውን ሲያስፈርማቸው ለጡረታቸው ነው ብሏቸው ኖሯል። ይሄንንም ከዳቦ ሻጯ ነው የሰማሁት።

ሌላም አለ፤ ሰውዬው በሳቸው ስም ከሶኛል። መጥሪያው ደርሶኛል፤ እሳቸውን ግን ፍርድ ቤት ማመላለስ አልፈልግም ብሏል አሉ። ከግቢው ልቀቂ ነው ክሱ። በል አሁን የተማርከው ይጥቀመን።

እህትህ


ኅዳር 20

እታለም፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ተሳስቻለሁ።

ነገራችንን ለአስተማሪዬ አቀረብኩላቸው። የእኛ ነው አላልኩም፣ "አንዲት አናጢ" ብዬ ነው የጠየቅኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አሉኝ፦ "ማንም ሰው የይዞታውን መነሻ በገዛ ሐሳቡ ብቻ ሊለውጥ አይችልም። በፈቃድ የገባ፣ ልቡ ቢለወጥም በፈቃድ እንደያዘ ነው። ይህ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነው፣ ለምን ተቻኮልክ?" እኔ ግማሹን ሰምቼ ነው ወዳንቺ የሮጥኩት። ቁልፉን ባለመውሰድሽ በሕግ የተለወጠ ነገር የለም። እኚያን ሰው በከንቱ ነው ያስቀየምናቸው። እኔ ነኝ ያስቀየምኳቸው።

ከክፍል ስወጣ ጠርተው "አናጢዋ ዘመድህ ናት እንዴ?" አሉኝ። አይደለችም አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም፣ ግን ተናግሬዋለሁ፣ ለአንቺም መደበቅ አልፈለግኩም።

ለጠየቅሽኝ ነገር፦ አዎ፣ አንድ መንገድ ቀርቷል። ፈቃድ ነበር የሚለው ከሳሹ ነው፣ ስለዚህ ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው። ወረቀት የለም። ያየ ሰው የለም። ሰውዬው ጋሽ ሰዓትን ፍርድ ቤት ማመላለስ አይፈልግም ብለሽኛል። ፈቃዱ ካልተረዳ ዘመኑ ለእኛ ይቆጠራል። አባባ እዚያ ሠራ፣ አንቺም እየሠራሽ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ይህን መናገር ትችያለሽ። ከዚያ በላይ ሲጠይቁሽ ምን እንደምትይ እኔ ልጽፍልሽ አልችልም። ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ።

አይዞሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

አንተ፣

ዋሺ ለማለት ያን ሁሉ ሮማዊ ከመቃብር ማስነሣት አያስፈልግህም ነበር። ገብቶኛል።

ልምጣ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ፈተናህን ተፈተን። አንተ መጥተህ ጎኔ ብትቆም ይብስብኛል፣ ፊትህን እያየሁ መናገር አልችልም።

ጋሽ ሰዓት ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሱቁ ድረስ ሳይሆን ማዕዘኑ ድረስ። ጎንበስ ብለው አንድ የግድግዳ ሰዓት በጨርቅ ይወለውላሉ፣ መጠገን እንኳ ትተውታል። ምን ብዬ ልግባ? "ያኔ የቀረሁት ወንድሜ ስለ ይርጋ አንብቦ ነው" ልበላቸው? ተመለስኩ።

ቀለም ቀቢው "ሥራ ልፈልግ ወይስ ልጠብቅ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ጠብቅ አልኩት። ካልኩት በኋላ ነው ምን ቃል እንደገባሁለት የገባኝ።

አባባ ቢኖር ምን ይለኝ እንደነበር አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ሰሞኑን እሱን ማሰብ የተውኩት። ቀጠሮው በወሩ አጋማሽ ነው፤ እስከዚያ አትጻፍልኝ ልልህ ነበር፣ ግን ጻፍ።

እህትህ


ታኅሣሥ 12

እታለም፣

ፈተናው ላይ መጣ። "በፈቃድ የያዘ ሰው" የሚለው ጥያቄ ራሱ። ሦስቱንም እንከን ጻፍኩ፣ የመነሻውን ነገር ጻፍኩ፣ ማን ማስረዳት እንዳለበት ጻፍኩ። እንዲህ ደህና አድርጌ የሠራሁት ፈተና የለም። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ጋሽ ሰዓትን በቀዘቀዘ ሻይ ፊት አስቀምጬ መሆኑ ተሰማኝ።

ያለፈውን ደብዳቤዬን ቅደጂው። አትዋሺ። ሲጠይቁሽ ቁልፉን ተናገሪ፣ እንዴት ጆሯቸው ላይ እንደሚይዙት ሳይቀር ተናገሪ። ግቢው ይቅርብን። ትምህርቱን አቋርጬ እመጣለሁ፣ ትልቁን መጋዝ በእጄም ቢሆን እነቅለዋለሁ፣ የሆነ ጥግ ተከራይተን እንጀምራለን። መላግ አልችልም ካልሽ ጣውላ እሸከማለሁ። ለአስተማሪዬም ነገርኳቸው፤ አናጢዋ እህቴ ናት አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና "እንግዲያው ለምን እዚህ ቆመሃል? ጻፍላት" አሉኝ።

ይህ ከቀጠሮው በፊት እንዲደርስሽ ፖስታ ቤት ድረስ ሮጬ ነው የማስገባው። እባክሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ጉዳዩ ያለቀው ማክሰኞ ነው።

ግቢው የእኛ ነው። ይሄን አስቀድሜ የጻፍኩልህ የቀረውን ስታነብ ምን ሆነች ብለህ እንዳትሠጋ ነው። የሆነውን እንደሆነ ልንገርህ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፣ መስኮቱ ከላይ ነው ያለው፣ አግዳሚው ይንቀጠቀጣል። እግሩ ላይ አንዲት ሽብልቅ ቢመቱበት የሚስተካከል ነገር ነበር፣ እሱን እያየሁ ነው የቆየሁት። ዳኛዋ ወጣት ናት። "ግቢው ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ የሰጣችሁ ሰው አለ?" አለችኝ። የለም አልኳት። "አባትሽስ ማንንም አልጠየቁም?" አልጠየቀም አልኳት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ጭራሽ አልተንቀጠቀጠም። አባባን አፈር ውስጥ ሆኖ እንኳ ባለጌ አደረግኩት፣ ምንም ሳይመስለኝ።

ከዚያ የሰውዬው ጠበቃ ተነሣና "ምስክር አለን" አለ። በሩ ተከፈተ፣ ጋሽ ሰዓትን ደግፈው አስገቧቸው። ያንን ኮታቸውን ለብሰዋል። እግሬ ሥር መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስማሏቸው። ዳኛዋ ጮክ ብላ "ይህች ሴት በየዓመቱ ቁልፉን እያመጣች በፈቃድዎ መልሰው ይሰጧት ነበር ተብሏል። እውነት ነው?" አለቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ርቀት ፊቴ አይታያቸውም፣ ግን ቆመው አዩኝ። አሁን አለቀልኝ፣ ይበለኝ አልኩ። ደግሞ በጎን እፎይ አልኩ፤ እውነቱ በሳቸው አፍ ይውጣና እኔ ልረፍ ብዬ ነው።

"ቁልፍ?" አሉ። "ምንም ቁልፍ አላውቅም።"

የእህታቸው ልጅ "አጎቴ! ቤት እንዲህ ነው እንዴ ያሉኝ?" ብሎ ዘለለ። "ዝም በል፣ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ" አሉት። ጠበቃው ስለ አባባ ጠየቃቸው፣ አላስታውስም አሉ። እኚያ የሁሉን ሰው ሰዓት ከነባለቤቱ የሚያስታውሱ ሰው። ምለው ነው ይሄን ያሉት፣ ልብ በል። ዳኛዋ የክሱ ባለቤት ራሳቸው ፈቃድ የለም ካሉ ምን ቀረ አለችና ክሱ ወደቀ፣ ዘመኑም ሞልቷል ተባለ።

ተከትዬአቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። "ጋሼ" አልኳቸው። እጃቸውን ልይዝ ስል ቀስ ብለው ሳቡት። "እንኳን ደስ ያለዎት" አሉኝ። ጡጦ እየጠባሁ ያውቁኛል፣ ሲጠሩኝ "አንቺ ጉድ" ነበር የሚሉኝ። እንደማያውቁት ሰው አንቱ አሉኝ፣ ያውም በቁጣ ሳይሆን በትሕትና። ከዚያ ለእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ሰጥተው ሄዱ። እሱ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? ለምን እንደዋሹልኝ ሳስብ ነው የምውለው። እንዳላፍር ብለው ይሁን፣ ለአባባ ብለው ይሁን፣ ወይስ ከእኔ ጋር የነበራቸውን ነገር በዚያው ለመጨረስ፣ አላውቅም። ሄጄ ልጠይቃቸው ሦስቴ ሞከርኩ፤ እንደማያውቁኝ ሆነው "ምን ልታዘዝ?" ብለው እንደ ደንበኛ ያስተናግዱኛል።

ቀለም ቀቢው ትልቁን መጋዝ አቅፎ ሳመው። ሠራተኞቹ እልል አሉ። እኔም አብሬያቸው ሣቅሁ፣ ካልሣቅሁ ይጠይቁኛል።

ትምህርትህን እንዳታቋርጥ። በአንተ አልፈርድም፣ አፌን ከፍቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሕግህ ግቢው የማን እንደሆነ ወስኖልናል። እኔ ከእንግዲህ ለእሳቸው ምናቸው እንደሆንኩ የሚል ነገር ሮማውያኑ ጽፈው ከሆነ ፈልገህ ላክልኝ። ከሌለ ግን ለጊዜው አትጻፍልኝ።

እህትህ